ደንበኛ የሚጠይቀውን በፊደል ማስፈር
ስለ አነስተኛ ንግድ ድረ ገጽና ስለ ፍለጋ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ድረ ገጽ ላላቸው ወይም ለማሠራት ለሚያስቡ አነስተኛ ነጋዴዎች ነው። ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ገንዘብ ከፍላችሁ ዌብሳይት አሠርታችኋል። አድራሻውን በቢዝነስ ካርዳችሁና በሱቃችሁ ታፔላ ላይ አጽፋችኋል። ከዚያ ወዲህ ግን “ዌብሳይታችሁን አይቼ ነው የመጣሁት” የሚል ሰው እምብዛም አላጋጠማችሁም። የድርጅታችሁን ስም ጉግል ላይ ስትጽፉ ገጻችሁ ወዲያው ይወጣል፤ የምትሸጡትን ዕቃ ስትጽፉ ግን የሚወጣው ሌላ ነው። ስማችሁን የሚያውቅ ሰውማ ስልካችሁም አለው። ድረ ገጹ የተሠራው ስማችሁን ለማያውቀው ሰው ነበር፤ እሱ ዘንድ ካልደረሰ ወጪው ከንቱ ቀርቷል ማለት ነው።

ምክንያቱን በመረመርኩ ቁጥር የማገኘው አንድ ነገር ነው። የፍለጋ ሞተር የሚያውቀው በፊደል የሰፈረውን ነው፤ የእኛ ነጋዴ ደግሞ ስለ ዕቃው ያለውን ዕውቀት የሚይዘው በቃሉ ነው። ዋጋውን፣ መጠኑን፣ የሚደርስበትን ቀን፣ ርካሹ ከውዱ በምን እንደሚለይ፣ ስልክ ለደወለ ሁሉ ሳይሰለች ያስረዳል። ድረ ገጹ ላይ ሲደርስ ግን “ጥራት ያለው አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ እንሰጣለን” ብሎ ያልፋል። በቃል ያለውን ወደ ጽሑፍ ማውረድ ከየትኛውም የቴክኒክ ብልሃት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ ላሳምናችሁ የመጣሁትም በዚህ ነው።

አሠራሩን ከሥሩ እንየው። ጉግል ላይ አንድ ነገር ስንጽፍ በዚያች ቅጽበት ዓለምን ዞሮ የሚያስስልን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥራው ግን ቀድሞ ያለቀ ነው። ክሮውለር የሚባል ፕሮግራም ቀን ከሌት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በሊንክ እየተሻገረ ያገኘውን ያነባል። ያነበበውን፣ የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ እየለየ፣ ግዙፍ ማውጫ ውስጥ ያስገባል። የምናየው መልስ የሚመጣው ከዚያ ማውጫ ነው። ክሮውለሩ ያላነበበው ገጽ ማውጫው ውስጥ የለም፤ እዚያ የሌለ ደግሞ ምንም ቢፈለግ አይወጣም። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ማን ይቅደም የሚለው ነው። ጉግልን እ.ኤ.አ. በ1998 የመሠረቱት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች ሳሉ ያፈለቁት ሐሳብ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበር። አንድ የምርምር ጽሑፍ ሌሎች ተመራማሪዎች በጠቀሱት ቁጥር ክብደቱ እንደሚጨምር ሁሉ፣ ሌሎች ገጾች በሊንክ የሚጠቁሙት ገጽም ክብደት ያገኛል፤ ጠቋሚው ራሱ ተሰሚነት ካለው ጥቆማው የበለጠ ይመዝናል። ዛሬ በዚህ ላይ ብዙ ሌሎች መመዘኛዎች ተጨምረዋል፤ ሐሳቡ ግን አሁንም ይሠራል።

አሁን በምሳሌ ልሂድ። ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ የሸማ ልብስ የምትሸጥ አንዲት እኅት አለች እንበል። ሱቋ ውስጥ የመነን ቀሚስ አለ፣ የፈትል አለ፣ ጥለቱ በእጅ የተሠራ አለ፣ ጋቢና ነጠላ አለ፣ ለወንዶች እጀ ጠባብ አለ። ድረ ገጽም አላት። ሲከፈት “እንኳን ደህና መጡ” ይላል። የገጹ ርእስ “ዋና ገጽ” ነው። ከሥሩ የሚያማምሩ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ አንዱም መግለጫ የለውም። “ስለ እኛ” የሚለው ክፍል ራእይና ተልእኮ ያትታል። “ያግኙን” የሚለው ደግሞ ስልክ ቁጥር ብቻ ይዟል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር ሙሽራ ማታ ከሥራ ተመልሳ ስልኳን ትከፍታለች። ለስድስት ሚዜዎቿ ጥለቱ አንድ ዓይነት የሆነ ቀሚስ ትፈልጋለች። “የሚዜ ሐበሻ ቀሚስ ዋጋ” ብላ ጻፈች። የሽሮ ሜዳዋ እኅት ድረ ገጽ ላይ “ሚዜ” የሚል ቃል የትም የለም። “ዋጋ” የሚልም የለም። ፎቶዎቹ ውስጥ ሚዜዎች ተሰልፈው ይታያሉ፤ የፍለጋ ሞተሮችም ፎቶ ላይ ያለውን በመጠኑ መለየት ችለዋል። ነገር ግን ልብሱ ለሚዜ መሠራቱን፣ የተሸመነው ሽሮ ሜዳ መሆኑን፣ ሱቁ ወደ አሜሪካ መላኩን ከፎቶ ማወቅ አይቻልም። ልብሱ እያለ፣ ገዢዋም እያለች ሁለቱ ሳይገናኙ ቀሩ።

ይህቺ ባለሱቅ መጀመር ያለባት ከደብተር ነው። ለአንድ ሳምንት በስልክ፣ በቴሌግራምና በባንኮኒው ፊት የሚቀርቡላትን ጥያቄዎች፣ ጠያቂው በተናገረበት ቃል፣ ሳታሳምር ትጻፋቸው። “እኅቴ፣ ለስድስት ሰው በስንት ቀን ታደርሱልኛላችሁ?” “ልኬቱን እንዴት ነው የምልክላችሁ?” “መነንና ፈትል ልዩነቱ ምንድን ነው?” “ሲታጠብ ጥለቱ ይለቃል ወይ?” “ለእናቴ የሚሆን፣ ብዙ ጥለት የሌለው አላችሁ?” “ዲሲ ድረስ መላኪያው ስንት ይመጣል?” እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ አንቀጽ ይወጣዋል፤ አንዳንዱ ራሱን የቻለ ገጽ ይሆናል። መነንና ፈትል ምን እንደሚለያቸው ጨርቁን ስትዳብስ ከኖረችው ከእሷ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ያንን ሁለት አንቀጽ ብትጽፈው፣ ልዩነቱን የሚፈልግ ሁሉ እሷ ገጽ ላይ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ ስለ ዕቃው በቁም ነገር የጻፈ ነጋዴ ገና ጥቂት ነው። በእንግሊዝኛ ስለ ቀሚስ የሚጽፍ ሰው ከሺህ ገጾች ጋር ይሻማል። በአማርኛ ሜዳው ገና አልተያዘም፤ ይህ ለአነስተኛ ነጋዴ ትልቅ ዕድል ነው።

የገጽ ርእስ ብዬ የጠራሁትን ላብራራ። ጉግል ውጤቱን ሲዘረዝር በጉልህ የሚታየው፣ ስንጫነው ወደ ገጹ የሚወስደን መስመር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ርእስ ነው። “ዋና ገጽ” የሚለው ለማንም ምንም አይነግርም። “የሚዜ ሐበሻ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ፦ ዋጋ፣ ልኬትና መላኪያ” ቢባል ግን ማሽኑም ሙሽራዋም ውስጥ ያለውን ያውቁታል። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ርእስ ይኑረው። ለእያንዳንዱ ፎቶም የጽሑፍ መግለጫ ማስገቢያ ቦታ አለ፤ እዚያ “ነጭ የመነን ቀሚስ፣ አረንጓዴ ጥለት፣ ለሚዜ” ብሎ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም፤ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ገጹን የሚያነብላቸው ፕሮግራምም ይህንኑ ነው የሚጠቀመው። በአንጻሩ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው “ቁልፍ ቃላት” የሚል የተደበቀ ሣጥን እሞላልሃለሁ ብሎ ገንዘብ ቢጠይቃችሁ አትክፈሉ። ጉግል ያንን ሣጥን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በግልጽ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አያስችለኝም። “ዋጋ በውስጥ መስመር” የሚባለው ልማድ ንግዳችንን እየጎዳው ነው። ሰው “ዋጋ” ብሎ ይፈልጋል፤ እኛ ዋጋውን እንደብቃለን። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ እንደሚለዋወጥ አውቃለሁ፤ የጨርቅና የክር ነጋዴ ሁሉ ያማርራል። ቢሆንም “ከዚህ ብር ይጀምራል፤ በእጅ የተሠራ ጥለት ሲሆን እስከዚህ ይደርሳል፤ ዋጋው የታደሰው በዚህ ቀን ነው” ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሩቅ አገር ያለ ሰው፣ የሰዓት ልዩነት ያለበት ሰው፣ እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ነው የሚገዛውን የሚወስነው።

አሁን የእኛ አገር ገጾች ላይ በብዛት ወደሚታይ ችግር ልምጣ። ማስታወቂያችንን፣ የምግብ ዝርዝራችንን፣ የዋጋ ሰንጠረዣችንን ፎቶሾፕ ላይ አሳምረን ሠርተን እንደ ሥዕል እንጭናለን። ለዓይን ያምራል፤ ክሮውለሩ ግን ከሥዕል ላይ ፊደል እየለቀመ በደንብ ያነባል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ በተለይ የግዕዝ ፊደልን። ከዚህ የባሰው ደግሞ የድሮ ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቢሮዎች ውስጥም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ በቪዥዋል ግዕዝና በቆየው የፓወር ግዕዝ ፎንት ተጽፏል። በእነዚያ የተጻፈ ሰነድ ለዓይናችን አማርኛ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። እስከ ዛሬ በዚህ የተዘጋጁ ብሮሹሮች ድረ ገጽ ላይ ተጭነው አያለሁ። መሞከሪያው ቀላል ነው። ከገጻችሁ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጉና ለወዳጃችሁ በስልክ መልእክት ላኩት። አማርኛ ሆኖ ከደረሰው ጥሩ ነው። አልገለበጥም ካለ ወይም ዝብርቅርቅ ሆኖ ከሄደ፣ ያ ገጽ ለፍለጋ የለም፤ ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደገና ማስጻፍ ግድ ነው።

የፊደል ጉዳይ በዚህ አያበቃም። አንዱ “የሠርግ ልብስ” ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው “የሰርግ ልብስ”። አንዱ “ሐበሻ” ይላል፣ ብዙው ሰው ስልኩ ላይ ቶሎ የሚመጣለትን “ሀበሻ” ይጽፋል። “ፀጉር ቤት”ና “ጸጉር ቤት”፣ “ዕቃ”ና “እቃ” እንዲሁ። የፍለጋ ሞተሩ እነዚህን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ ያያቸዋል ብሎ መተው አይበጅም። በርእሱ ላይ ትክክል የምትሉትን ጻፉ፤ ሰዉ የሚያዘወትረውን ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ በጽሑፉ መካከል፣ ለምሳሌ የደንበኛ ጥያቄ ስትጠቅሱ፣ አንድ ሁለት ጊዜ አስገቡት። ሁለቱን እየደጋገሙ መደርደር ግን አንባቢን ያስቀይማል፤ ጉግልም እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። ሌላም አለ። አማርኛ ቃሉን ከፊትም ከኋላም ያራዝማል። ገጹ ሙሉውን “በቀሚሶቻችን”፣ “ለቀሚሶቻችሁ” እያለ ከሄደ፣ ፈላጊው የሚጽፈው “ቀሚስ” የሚለው ንጹሕ ቃል አንድም ጊዜ ላይገኝበት ይችላል። ርእሱና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ቃሉን ሳትቀጽሉበት አስቀምጡት።

ከአገር ውጭ ያለው ወገናችን ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው። “ቀሚስ”ን አንዱ በኬ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኪው። እዚያ ተወልደው ያደጉት ልጆችማ ፊደሉን ማንበብ ላይችሉ ይችላሉ፤ ሠርግ የሚደግሱት ግን እነሱ ናቸው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ገጽ ይኑራችሁ፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው አንድ ገጽ ላይ ተደባልቀው ሳይሆን እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ ኖሮት፣ አንዱ ወደ ሌላው ሊንክ እያደረገ። በላቲን የሚጻፈው የዕቃው ስም በተለመዱት አጻጻፎቹ እዚያ ይግባ። በማሽን አስተርጉማችሁ ሳታነቡ አትጫኑ፤ “ጥለት” ምን ሆኖ እንደሚወጣ ሳያዩ ለደንበኛ ማቅረብ ራስን ማስናቅ ነው።

ለጎረቤት ደንበኛ ከድረ ገጹ እኩል የሚያስፈልገው በጉግል ካርታ ላይ የሚወጣው የንግድ መገለጫ ነው። ነጻ ነው። ጉግል በአካባቢ ፍለጋ ማንን እንደሚያስቀድም ሲያስረዳ ሦስት ነገር ይጠቅሳል፦ ከተፈለገው ጋር ያለው ዝምድና፣ ርቀትና የንግዱ ታዋቂነት። ርቀቱን መለወጥ አትችሉም፤ የቀሩት ሁለቱ በእናንተ እጅ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ አቅጣጫ የሚነገረው በመንገድ ስም አይደለም፤ “ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ታክሲ ተራው ጋ” ነው የምንለው። ይህንኑ በመግለጫው ላይ ጻፉት፤ ካርታው ላይ ያለው ምልክት ግን በትክክል ሱቃችሁ በር ላይ ይተከል። ካርታው የሚሰጠውን ፕላስ ኮድ የሚባለውን አጭር አድራሻም ገልብጣችሁ ለአድራሽ ሞተረኛ መላክ ትችላላችሁ።

የሥራ ሰዓት ስትሞሉ ተጠንቀቁ። በእኛ አቆጣጠር “ከ2:00 እስከ 12:00” ብላችሁ ብታስገቡ፣ ጉግል የሚረዳው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ሰዉ በሚበዛበት ከሰዓት በኋላ ሱቃችሁ “ተዘግቷል” ተብሎ ይታያል፤ ደንበኛም አይቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። መግባት ያለበት ጠዋት 8:00፣ ማታ 6:00 ነው። ለገናና ለፋሲካም ሰዓቱን ለይቶ መሙያ ቦታ አለ።

አስተያየትና ኮከብ ከእውነተኛ ደንበኛ ለምኑ። ልብሱ የደረሳት ሙሽራ ደስ ብሏት መልእክት ስትልክ፣ በዚያው ሰዓት የመገለጫችሁን ሊንክ ልካችሁ “እባክሽ እዚህ ላይ ብትጽፊልን” ማለት ነውር የለውም። የቅሬታ አስተያየት ሲመጣም በትሕትና መልሱ፤ ሌላው የሚያነበው መልሳችሁን ነው። ዘመድና ጓደኛ ሰብስቦ የሐሰት አስተያየት ማጻፍን ግን የጉግል ደንብ ይከለክላል፤ አሜሪካ ለምትሠሩ ወገኖቻችን ደግሞ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ በገንዘብ ሊያስቀጣ ይችላል።

“ፌስቡክና ቴሌግራም ይበቃኛል” የሚል ነጋዴ ብዙ ነው፤ ልክም ነው፣ ገበያው እዚያ ነውና አትተዉት። ነገር ግን ትናንት የለጠፋችሁት ዛሬ ወደ ታች ወርዷል፤ አብዛኛውም የፍለጋ ሞተር የማይደርስበት ግቢ ውስጥ ነው። ለአንድ ደንበኛ በቴሌግራም የጻፋችሁትን ረጅም መልስ የደንበኛውን ስም ትታችሁ ድረ ገጻችሁ ላይ ብታስቀምጡት፣ ከዓመት በኋላም ይሠራላችኋል። ሰው አሁን አሁን በቀጥታ የሚጠይቃቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችም ድርን ሲያስሱ የሚያገኙት ይህንኑ የተጻፈውን ነው።

ጊዜውንም አስቡ። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” የሚል ሕዝብ ነን፤ የሽሮ ሜዳ ገበያ የሚደራው ከበዓሉ በፊት ነው። የጥምቀት ልብስ ገጽ በታኅሣሥ መጨረሻ ቢጻፍ፣ ክሮውለሩ መጥቶ አንብቦ ደረጃ እስኪሰጠው በዓሉ ያልፋል። መስከረም ላይ ይጻፍ። በዓሉ ካለፈ በኋላም ገጹን አታጥፉት፤ በዚያው አድራሻ ላይ ለሚቀጥለው ዓመት አድሱት፤ ያገኘው ክብደት አብሮት ይቆያል።

ስለ ሊንክ ስናገር ድምፄን ከፍ ባደርግ አትፍረዱብኝ፤ የሰው ላብ የሚበላው እዚህ ላይ ነው። “በአንድ ወር ጉግል ላይ አንደኛ አወጣሃለሁ” የሚል መልእክት ደርሷችሁ ይሆናል። ጉግል ራሱ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጽፏል፤ ባለሙያ ለሚቀጥሩ ሰዎች በሰጠው ምክርም ውጤት ለማየት ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚወስድ ተናግሯል። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ማንም የማያነባቸው ገጾች ላይ የተበተነ ሊንክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን የተባለው የጉግል ማሻሻያ ሲመጣ በዚህ መንገድ የወጡ ድረ ገጾች ተንከባለው ወርደዋል። እውነተኛው ሊንክ በመተዋወቅ ይመጣል። ሠርጉን ያነሳው የፎቶ ስቱዲዮ የልብሱን ሱቅ ቢጠቅስ፣ የዲኮር ባለሙያዋ ብትጠቁም፣ ውጭ ያለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር በበዓል ዝግጅት ገጹ ላይ ቢያስገባችሁ፣ እናንተም ለእነሱ የሚገባውን ብታደርጉ፣ ይህ ክብደት አለው። ደንበኛም በዚያው ይመጣል።

ቴክኒኩን ባጭሩ ልጨርስ። ጉግል ገጾችን የሚያነበው በስልክ እንደሚታዩት አድርጎ ነው፤ ወደዚህ አሠራር የሚደረገው ሽግግር መጠናቀቁን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ስለዚህ ድረ ገጹን የሠራላችሁ ልጅ በላፕቶፑ ሲያሳያችሁ አመስግኑትና በራሳችሁ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቱት። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ፎቶ ዳታ ይበላል፣ ገጹንም ያዘገያል፤ መጠኑ ተቀንሶ ይጫን። አድራሻው በ“https” የሚጀምር መሆኑን አረጋግጡ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የደኅንነት ምስክር ወረቀት በነጻ ይገኛል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) በማን ስም እንደተመዘገበ ዛሬውኑ ጠይቁ። በእናንተ ስምና በእናንተ ኢሜይል መሆን አለበት። ሠሪው በራሱ ስም አስመዝግቦት ነገ ውጭ አገር ቢሄድ ወይም ዓመታዊ ክፍያው ቢያልፍ፣ በዓመታት የተገነባው ሁሉ በአንድ ቀን ይጠፋል። የጉግል መገለጫውም እንደዚሁ፤ ባለቤቱ እናንተ ሁኑ፣ ልጁን ረዳት አድርጋችሁ ጨምሩት።

የምትሠሩት መሥራቱን የምታዩበት ሰርች ኮንሶል የሚባል ነጻ የጉግል መሣሪያ አለ። ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ ገጻችሁ እንደታየ፣ ስንቱ እንደገባ፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደምትወጡ ያሳያል። በወር አንዴ ክፈቱት። ሰዎች “የልጆች ሀበሻ ልብስ” ብለው ሲፈልጉ ታይታችሁ የገባ ሰው ከሌለ፣ ስለ ልጆች ልብስ የጻፋችሁት አንሷል ማለት ነው፤ ቀጣዩን ገጽ በዚያ ላይ ጻፉ። ከእሱ ጎን ያንን ደብተር አትጣሉት። አዲስ ደንበኛ ሲደውል “የት አገኙን?” ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ከነቀኑ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ለዌብሳይቱ ሆስቲንግ ከመክፈላችሁ በፊት ገልጣችሁ ትቆጥሩታላችሁ።